ሾላው ሥር ያሉት ሰውዬ

በሾላ አፋፍ ትምህርት ቤት፣ በየዓመቱ ከመኸር በኋላ ለትምህርት ቤቱ ገቢ ጨረታ ሲደረግ፣ አጫራቹ «አንደኛ፣ ሁለተኛ» ካለ በኋላ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ተነሥቶ ጀርባውን ለመድረኩ ይሰጥና ከሜዳው ጫፍ ወዳለው ትልቅ ሾላ ይመለከታል። ሥሩ ባዶ መሆኑን ሁሉም ካየ በኋላ ብቻ «ሦስተኛ» ይባላል። እንግዳ ሰው ጸሎት ይመስለዋል፤ ጸሎት ግን አይደለም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ነገሩ የመጣው በአጫራቹ በአቶ ስንሻው ነው። ስንሻው ምላሱ የሰላ፣ ቋጣሪውን ሁሉ እያሳቀ ኪሱን የሚያስፈታ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን «ማን ጨመረብኝ» ብሎ ወደ ኋላ መዞር ትልቅ ነውር ነበርና፣ ባለጸጋ ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ፊት ለፊት ብቻ ያያል። ስንሻውም ይህን ስለሚያውቅ፣ ጨረታው ቀዝቀዝ ሲልበት ቀና ብሎ «ሾላው ሥር ያሉት ሰውዬ አምሳ ብለዋል» ይላል። ሾላው ሥር ማንም የለም። ከፊት የተቀመጠው ግን እልህ ይይዘውና ይጨምራል። ለልጆች ትምህርት እስከሆነ ድረስ ስንሻው ኃጢአትነቱ አልታየውም፤ እንዲያውም ይኮራበት ነበር ይባላል።

አንድ ዓመት ነፋስ የትምህርት ቤቱን የሣር ክዳን ገፎ ወሰደው። ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ ካልተገዛ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሆነ። ስንሻው ለጨረታው የሟች ሚስቱን የአመለወርቅን ጋቢ አወጣ፤ ፈትሉን ፈትላ ጨርሳ፣ ከሸማኔ ሳይመለስ የሞተችበትን። ልጁ ባንቻየሁ ሌላ ነገር ስጥ ብላ አልቅሳ ለመነችው። እሱ ግን አሸናፊው ዕቃውን ለሰጪው መመለሱ የአገሩ ወግ ነውና፣ ሳይመሽ እቤታችን ይገባል ብሎ አጽናናት።

ያን ቀን ሾላው ሥር ያሉት ሰውዬ ከማንኛውም ዓመት ይልቅ ብዙ ጊዜ ተጠሩ። ሁሉም እየተናደደ ጨመረ፤ የቆርቆሮው ዋጋም ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በመጨረሻ ጋቢው ወጣ። የእህል ነጋዴው ወርዶፋ ዘጠና አለ። ስንሻው፣ ነጋዴው እንደማይለቅ እርግጠኛ ሆኖ፣ ሾላው ሥር ያሉት ሰውዬ መቶ ብለዋል አለ። ወርዶፋ ግን ሳቅ ብሎ ይውሰዱት ሲል እጁን ሰበሰበ።

ስንሻው ክው አለ። በሬዬን ሸጬ እኔው እከፍላለሁ ብሎ በልቡ ወሰነና «አንደኛ» አለ፤ «ሁለተኛ» አለ። ያኔ ከሾላው በኩል ዝግ ያለ ድምፅ ተሰማ።

«ብያለሁ።»

ነውር ነውና ማንም አልዞረም። ፊቱን ወደ ሾላው ያደረገው ስንሻው ብቻ ነበር፤ እሱም አንድ ረጅም ሰው ሥሩ ላይ ተቀምጦ አየ። ማንም የለም እንዳይል፣ የቀድሞው ጨረታ ሁሉ ውሸትነቱ ታውቆ ይፈርሳል፤ ቆርቆሮውም ይቀራል። ስለዚህ «ሦስተኛ» አለ።

ሰውዬው ተነሥቶ መጣ። በአጠገባቸው ያለፈባቸው ሰዎች ብርድ ብርድ አላቸው፤ ፊቱን ግን በኋላ አንዳቸውም ሊያስታውሱት አልቻሉም። እንደ ወንዝ ድንጋይ የቀዘቀዘ መቶ ጠገራ ብር ቆጥሮ አስቀመጠና ጋቢውን አነሣ። ስንሻው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሚስቴ እጅ ነው፣ እባክዎ ይመልሱልኝ ሲል ለመነው።

«ስንት ዓመት ስትጠራኝ ኖርክ» አለው ሰውዬው። «ስም አልሰጠኸኝ፣ ቤት አልሰጠኸኝ። እዚያ ብርድ ላይ አስቀምጠኸኝ ነበር።»

ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ሾላው ሄደ፤ ከዚያም አልታየም።

ትምህርት ቤቱ በዚያ ክረምት ቆርቆሮ ለበሰ። በዓመቱ ስንሻው መድረክ ላይ ወጥቶ ያደረገውን ሁሉ ተናገረ፤ ከእንግዲህ ሳትዞሩ ምንም እንዳይሸጥ ብሎም ለመነ። ሕዝቡም ተቆጥቶ፣ ከዚያም ፈርቶ ተቀበለ።

ሁሉም ሲዞር እሱ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ ያቀረቅር ነበር። ባንቻየሁ ሾላው ሥር ያሉትን ሰውዬ ትፈራቸዋለህ ወይ ብላ ብትጠይቀው እንዲህ አላት ይባላል፦

«እሱንስ አልፈራም። ግን ጋቢውን ለብሶ ካየሁት እናትሽን ያየሁ ይመስለኛል። ያኔ ደግሞ እኔው ነኝ ና ብዬ የምጠራው።»

ስለዚህ ዛሬም በሾላ አፋፍ፣ ሕዝቡ ዞሮ ሲያይ፣ አጫራቹ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል።