የተቀበረው ቅርጫ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል፤ የሚኖረውም በአንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ነው። ይርዳው አውሬ አይፈራም፣ ሹም አይፈራም፣ ብቻውን መንገድ መሄድ አይፈራም። አንድ ነገር ግን እስከ አጥንቱ ድረስ ይፈራ ነበር፤ የጓደኞቹን ሳቅ።

ጓደኞቹ ክፉ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። ቤቱ በእሳት የወደመ ጊዜ አዲሱን ጣሪያ ያቆመለት አናጢው ጋሽ መንገሻ ነው። ሚስቱ ትሁን በምጥ ስትጨነቅ ቃሬዛውን ከፊት ሆኖ የተሸከመው ባለ ወፍጮው ጥጋቡ ነው። ይርዳው ያለ እነሱ መኖር እንደማይችል ያውቃል። እንግዲህ ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ ሰው አጥብቆ የሚፈራው የሚወደውን እንዳያጣ ነውና።

እነዚህ ሰዎች በየበዓሉ አንድ ላይ ቅርጫ ይገባሉ። ቅርጫን የማያውቅ አንባቢ ላይኖር ይችላል፤ ቢሆንም ነገሩ ወደፊት ስለሚያስፈልገን ላስረዳ። ጎረቤታሞች ተሰባስበው በሬ ይገዛሉ፣ በበዓሉ ጠዋት ያርዱታል፣ ሥጋውን በቅጠል ላይ እኩል እኩል ይመድቡና በዕጣ ይካፈሉታል። ግን ልብ በሉ፤ ቅርጫ ሥጋ ብቻ አይደለም። ቅርጫ የገባ ሰው «የእኛ ነው» ይባላል። የቀረ ሰው ደግሞ «ምን አስቀየምነው?» ይባላል። በሬው ከገበያ ሲመጣ በተራ ከአንዱ አባል ግቢ ታስሮ ያድራል። በዚያ ዓመት ለፋሲካ ተራው የይርዳው ሆነ።

በዋዜማው ጥጋቡና ጋሽ መንገሻ በሬውን እየነዱ ደረሱ። ከሩቅ ገበያ ነበር የተገዛው። ጭራው ከመጠምዘዙ ብዛት ጫፉ ተልጧል፤ የኋላ እግሩን ያነክሳል። ከበረንዳው ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ላይ ካለ ግንድ ጋር፣ ገመዱን አሳጥረው አሰሩት።

«ውሃ ላምጣለት?» አለ ይርዳው።

ጥጋቡ ሳቀ። «ምነው፣ እንግዳ መጣብህ? አልጋም አንጥፍለታ!»

«ጠምቶት ይሆናል ብዬ ነው።»

«ነገ ለሚታረድ በሬ ውሃ አጠጥተህ ሥጋውን ውሃ ውሃ ልታሰኘው ነው? ስማ ይርዳው፣ እንዳታደርገው! ከዚያ ሁሉ ጾም በኋላ ሾርባ አልፈልግም እኔ።»

ጋሽ መንገሻ ሳቀ። ይርዳውም አብሮ ሳቀ። የነገሩ ሁሉ መጀመሪያ ይህ አብሮ መሳቅ ነው።

እነሱ ሲሄዱ ይርዳው በረንዳው ላይ ከስፌት መኪናው ጋር ቀረ። ለበዓል የሚደርሱ የልጆች ልብሶች ተከምረዋል። መኪናው ሲሮጥ ምንም አይሰማም። ክር ሊቀይር ሲያቆም ግን የበሬው ትንፋሽ ይሰማል። ከአፉ ነጭ አረፋ ይንጠባጠባል፤ ዝንቦች ዓይኑ ዳር ሰፍረዋል። ይርዳው ትንፋሹን ላለመስማት ሲል የተሰፋውን ልብስ እንደገና መስፋት ጀመረ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም አልቻለም። ተነሣና አንድ ሳፋ ውሃ ሞልቶ ወጣ። በሬው የውሃውን ድምፅ ሲሰማ ጆሮዎቹ ቆሙ፤ ገመዱን እየሳበ ወደ እሱ ተንጠራራ። ይርዳው ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ከአጥሩ ውጭ የጥጋቡ ድምፅ ተሰማ።

«ይርዳው! አለህ እንዴ?»

ይርዳው ሳያስብበት ሳፋውን ደፋው። ውሃው በግቢው ንጣፍ ድንጋይ ላይ ተበተነ። ጥጋቡ ገባ፣ የልጁን የማስተዋልን ቀሚስ ተቀበለ፣ ስለ ነገው ሥጋ ቀለደ፣ ሄደ። በሬው በዚህ ሁሉ ጊዜ አንገቱን ገመዱ እስኪያንቀው ዘርግቶ እርጥቡን ድንጋይ ሊልስ ይሞክር ነበር። ምላሱ አልደረሰም። ፀሐይዋ ድንጋዩን እስክታደርቀው ድረስ ሞከረ።

ይርዳው እንደገና መቅዳት ይችል ነበር። ጥጋቡ ተመልሶ ቢመጣስ ብሎ ፈራ፤ አልቀዳም።

ጠዋት ሁሉም ተሰበሰቡ። ጋሽ መንገሻ እንደ ልማዱ የበሬውን ፊት በጆንያ ሸፈነ። ሌሎቹ በገመድ ጠልፈው ጣሉት። ይርዳው የፊት እግሩን እንዲይዝ ታዘዘ። ጋሽ መንገሻ የያዘው ቢላዋ ደንዞ ነበር። ነገሩ ቶሎ አላለቀም። በሬው አንድ ጊዜ ጆንያው ፊቱ ላይ እንዳለ ሊነሣ ታገለ።

«ጋሼ፣ እንጨት እየላግክ ነው እንዴ?» አለ ጥጋቡ። ሁሉም ሳቁ። ጋሽ መንገሻ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ሳቀ።

ይርዳው የያዘው እግር ይንቀጠቀጣል። እሱ ግን አብሮ እየሳቀ አጥብቆ ያዘው።

ሥጋው ተመደበ። ለዕጣ ጋሽ መንገሻ ሚስማር፣ ጥጋቡ የበቆሎ ፍሬ፣ ይርዳው የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን ምልክት ሰጡ። የይርዳው ዕጣ ሻኛው ያለበት መደብ ላይ ወደቀ። «ወይ ዕድል! ይሄ ሰውዬ ታቦት ይዞ ነው የሚመጣው!» ብለው ጮሁ።

«የእኔን ተካፈሉት» አለ ይርዳው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ሆዴን አሞኛል።»

ጫጫታው ቆመ። «በፋሲካ?» አለ ጥጋቡ።

ይርዳው ፊቱን አዙሮ ወደ ቤት አመራ። ቤቱ ገብቶም ለሚስቱ እንዲህ አለ፦ «ከዚያ ሥጋ ወደዚህ ቤት እንዳይገባ። ልጆቹም እንዳይቀምሱ።»

«ለምን?» አለች ትሁን።

«አትጠይቂኝ።»

እኩለ ቀን ላይ ትሁን ውሃ ልትቀዳ ቦኖ ወረደች። የጥጋቡን ሚስት እዚያ አገኘቻት። «እንኳን አደረሰሽ» ተባባሉ። «የእናንተ ሰውዬ ሥጋውን ትቶ ሄደ አሉ፤ ምን ሆኖ ነው?» አለች የጥጋቡ ሚስት።

«እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ! ትናንት በሬውን ሲያየው ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ ፊቱ ጠቁሯል። ልጆቹንም አታብሊ ብሎኛል።»

የጥጋቡ ሚስት እጅ ላይ የነበረው ጀሪካን ወደቀ።

እዚህ ላይ አባ ሰንጋ ስለሚባለው በሽታ መናገር አለብኝ። አባ ሰንጋ ከብትን በድንገት ይገድላል፤ የታመመውን ከብት ያረደና የበላ ሰውንም ይይዛል፤ ቆዳውንም ያቆስላል። በዚያች ከተማ ስሙን የሚጠራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ወሬው ከቦኖው ሲዛመት እያንዳንዱ ሰው በየቤቱ ተቀምጦ ትናንትን ማስታወስ ጀመረ። ያነክስ ነበር። አረፋ ይደፍቅ ነበር። ምላሱን ጎልጉሎ ነበር። ይህ ሁሉ የጥምና የድብደባ ምልክት መሆኑን ትናንት ማንም ልብ አላለም፤ ዛሬ ግን ሁሉም የበሽታ ምልክት አደረገው።

ይባስ ብሎ የጥጋቡ ልጅ ማስተዋል ማስመለስ ጀመረች። ጥጋቡ ጥሬውን እስኪጠግብ በልቷል፤ ለልጁም በእጁ አጉርሷታል። ሰዎች እጃቸውን ወደ ብርሃን እያወጡ ቁስል ፈለጉ። የትንኝ ንክሻ ያገኘ ሰው ተቀምጦ አለቀሰ። ድስቶች ከእሳት ወረዱ። ጥሬው፣ ጥብሱ፣ ቋንጣ ሊሆን የተሰቀለው፣ ሻኛው ሳይቀር ተሰብስቦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ተጣለ። ውሾች እንዳያወጡት ድንጋይ ተጫነበት።

ከዚያ ሁሉም ወደ ይርዳው ግቢ መጡ። ጥጋቡ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጓታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ውጣ ይርዳው! እውነቱን ንገረኝ። በሬው ታሞ ነበር አይደል?»

«አልታመመም።»

«ታዲያ ለምን አልበላህም? የራስህን ልጆች አድነህ የእኔን ለሞት ሰጠሃት? ቃሬዛ የተሸከምኩልህ ሰውዬ!»

ይርዳው የበረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። «ስለ እግዚአብሔር፣ በሬው ጤነኛ ነበር። እኔንም ሆዴን አላመመኝም። ዋሽቻለሁ።»

«ምንድን ነው የምትለው?»

«ጠምቶት ነበር። ትናንት ውሃ ቀድቼለት ወጣሁ፤ አንተ ስትጠራኝ ደፋሁት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሲንቀጠቀጥ እጄ ላይ ነበር። እናንተ ስትስቁ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ያንን ሥጋ መጉረስ አልቻልኩም። ልነግራችሁ ፈልጌ ‹ለበሬ አለቀሰ› ብላችሁ ከመሃላችሁ እንዳታወጡኝ ፈራሁ።»

ማንም አልሳቀም። ጥጋቡ ልጁን ለሚስቱ አቀበለና ወደ ይርዳው ተራመደ። «ለዚህ ነው? ልጄ እጄ ላይ ልትሞት ነው ብዬ የዋልኩት ለዚህ ነው?» እጁን አነሣ። ጋሽ መንገሻ ከኋላ ያዘው።

«ተወው» አለ ጋሽ መንገሻ። «እኔም የምለው አለኝ። በየበዓሉ የበሬውን ፊት በጆንያ የምሸፍነው ለምን ይመስላችኋል? ሥርዓት ነው ብዬ አይደለም። ዓይኑን ማየት ስለማልችል ነው። ቢላዋውንም መሳል እፈራለሁ፤ መሳል ስጀምር ነገ የማደርገው ሁሉ ይታየኛል። ስለዚህ ሳልስለው አድራለሁ። ከዚያ በደነዘ ቢላዋ አሰቃየዋለሁ። እናንተ ስትስቁ ደግሞ ፈሪ እንዳልባል ከእናንተ በላይ እስቃለሁ።»

ጥጋቡ አንዴ ጋሽ መንገሻን፣ አንዴ ይርዳውን አየ። «ታዲያ» አለ በቀስታ፣ «እስከ ዛሬ ሁላችንም ስንፈራ የኖርነው ማንን ነው?»

ጥጋቡ ልጁን ከሚስቱ ተቀበለና ከግቢው ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ይህን ቀን ቶሎ አልረሳልህም» አለው።

ማስተዋል በማግስቱ ዳነች፤ ከጾም በኋላ ብዙ በልታ ነበር እንጂ ሌላ ነገር አልነበረባትም። ሥጋው ግን እንደተቀበረ ቀረ። ይርዳው ወፍጮ ቤቱን ባለፈ ቁጥር ድንጋዮቹን ያያል። ያ በሬ ተጠምቶና ተሠቃይቶ ሞተ፤ ለዚያውም ሥጋው በቅጡ ሳይበላ። የእሱ ዝምታ ለበሬውም አልጠቀመ፣ ለጓደኞቹም አልጠቀመ።

ክረምቱ አለፈ። ዘመን መለወጫ ሲቃረብ ይርዳው አጥሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይደነግጣል። ለቅርጫ የሚጠራው አልመጣም። «አበቃ፤ ወጣሁ» ብሎ ለትሁን ነገራት። በዋዜማው ጠዋት ጥጋቡ ብቻውን መጣ። አልሳቀም፣ አልቀለደም።

«ተራው የሌላ ሰው ቢሆንም በሬው አንተ ግቢ ሊያድር ነው» አለ። «ዛፍ ሥር እሰረው። የሚጠጣውንም አንተ ታውቃለህ። ጋሽ መንገሻ ቢላዋ እየሳለ ነው።»

«እኔ እኮ ሥጋ ትቻለሁ፣ ጥጋቡ። ባይታረድም ደስ ይለኛል።»

«ብላ አላልኩህም። እኔ ደግሞ መብላቴን አልተውም፤ ከአሁኑ እወቀው።»

«አውቃለሁ።»

«ፊትህንም እንዳታጠቁርብኝ።»

ይርዳው አሁንም ይፈራ ነበር። ሆኖም በዚህ ጊዜ ዓይኑን መሬት ላይ አልተከለም። «ፊቴን አላጠቁርብህም። ክፉ ነገር ስታደርግ ካየሁ ግን እነግርሃለሁ።»

ጥጋቡ በፋሲካ በሬው ታስሮበት ወደነበረው ግንድ ዞር ብሎ አየ። «እሺ ንገረኝ» አለ። «ብቻ ዝም አትበለኝ። ያን ቀን የገደለኝ ዝምታህ ነው።»

ወዳጆቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። በሬ ጠማኝ ብሎ መናገር አይችልም። ጥሙን ያየ ሰውም ከፈራ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል። ጭካኔ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ጨካኞች ስለበዙ ሳይሆን፣ የሚያዝኑት ሰዎች እርስ በርስ ስለሚፈራሩ ነው። ደግሞም ሥጋ የሚበላ ጓደኛችሁን ስታነጋግሩ እንደ ጠላት አትዩት፤ ምናልባት እሱም እንደ ጋሽ መንገሻ በጆንያ የሸፈነው ነገር ይኖረዋል። ስድብ ልቡን ይዘጋዋል። ዝምታም ቢሆን አይጠብቀውም፤ ምክንያቱን ያልነገራችሁትን ነገር እሱ በክፉ ይተረጉመዋል። በፍቅርና በግልጽ የተነገረ እውነት ጓደኛን ለጥቂት ጊዜ ያስቀይም ይሆናል፤ ይርዳውም ለወራት ብቻውን ቀርቷል። ሆኖም ጓደኛው ተመልሶ ሲመጣ የጠየቀው ያንኑ እውነት ነው።

እስቲ አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፤ ልክ እንዳልሆነ እያወቃችሁ አብራችሁ የሳቃችሁት መቼ ነበር? ያን ዕለትስ ማንን ፈርታችሁ ነው?