እማሆይ ትርንጎ እና የፊታውራሪ አምዴ ፌጦ

እማሆይ ትርንጎን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም፤ ወሬያቸውን ያልሰማ ግን አላጋጠመኝም። አክስቴ ከእናቷ የሰማችውን ለእኔ ነገረችኝ፤ እኔም ከአገር ወጥቼ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ያልረሳሁትን ያህል እጽፋለሁ። ጨምሬበት እንደሆነ የጨመርሁት ጨው ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመት ነው። ግራር ሜዳ የምትባል የደጋ ከተማ ነበረች። ከሥሯ ቆላ ነው፤ በቆላው የፊታውራሪ አምዴ የማሽላ እርሻ አለ። ፊታውራሪ የአገሩ ገዢም ዳኛም ነበሩ። ጭሰኞቻቸው በየዓመቱ ለአጨዳ ይወርዳሉ፤ ከወረደው የሚበዛው ንዳድ ይዞት ይመለሳል፤ ዛሬ ወባ የምንለው ማለት ነው። ለዚህም ለሌላውም በሽታ ከተማዋ አንድ ባለመድኃኒት ነበራት፤ መሪጌታ ልሣኑ። እማሆይ ትርንጎ ደግሞ የማርያም ደብር መነኩሲት ነበሩ፤ ሁለት ጥርስና አንድ ሙሉ ምላስ የቀራቸው።

፩

አንድ ማክሰኞ መሪጌታ ልሣኑ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው ገበያ መሐል ቆመዋል። “ይህ ለራስ ምታት ነው፤ ለቁርጠት ነው፤ ለቁርጥማት ነው፤ ለዓይነ ጥላ ነው። ከሞት በቀር የማይመልሰው በሽታ የለም” እያሉ ይለፍፋሉ። በዚያ ሳምንት እሳቸው ካከሟቸው ሦስቱ ተቀብረዋል። እማሆይ ቆም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና ጠየቋቸው፤

«ምነው መሪጌታ፥ እርስዎ ዘንድ የሚመጣው ሰው ሁሉ ያችኑ የማትመለሰውን አንዷን ብቻ ታሞ ይመጣል?»

፪

ከወንዝ ማዶ የሚኖር ገበሬ ንዳድ ጣለው። መሪጌታ ግራዋና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው በጨርቅ ቋጥረው ላኩለት። ሰውየው ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ሚስቱ መጥታ ብታለቅስባቸው፥ “መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረ ይረክሳል፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ጥፋቱ ማዶ ቤት የሠራው የባልሽ ነው” አሏት። ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ልትመለስ ተነሣች፤ እውነትም ሕፃንም የሚያውቀው ነገር ነው። እማሆይ ግን ከደጀ ሰላሙ ሆነው ሰምተው ኖሮ፤

«ንዳዱ ከቆላ ሦስት ወንዝ ተሻግሮ ነው የመጣ፤ ለሱ ይህን ሥርዓት የሚነግረው ሰው ጠፋ?»

፫

በዚያው ዓመት መንግሥት ወደ ግራር ሜዳ አንድ ድሬሰር፥ ማለት የሐኪም ረዳት፥ ላከ። ብሥራት ይባላል፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ ነው። ንዳድ ለያዘው ሁሉ ኪኒን ያድላል፥ “አሥር ቀን ከሥራ ታርፋለህ” ይላል። ኩራቱ ግን ለጉድ ነበር። ቅጠል ያለ፥ ሥር ያለ ሰው ካጋጠመው ሆዱን ይዞ ይስቃል። እማሆይ አንድ ቀን ደጁ ላይ ቁጭ ብለው ሲያዩት ውለው፥ “ልጄ፥ ይህ ኪኒን የምትለው ከምን ይሠራል?” አሉት።

“ከዛፍ ልጣጭ ነው እማሆይ” አለ፤ ሳያስበው።

«እንግዲያማ አንተም መሪጌታ ነህ፤ መቁጠር የተማርህ።»

ብሥራት ተቆጣ ይላሉ። ሲመሽ ግን ብቻውን ሲስቅ ተሰምቷል።

፬

ፊታውራሪ አምዴ ኪኒኑን አልጠሉትም፤ የጠሉት አሥሩን ቀን ነው። ማሽላው ደርሷል። መሪጌታ ልሣኑ ይህን አይተው፥ “ፌጦ በሎሚ፥ ነጭ ሽንኩርት በማር፤ ማታ የወሰደ ጠዋት ማጭዱን ያነሣል” አሏቸው። በማግስቱ ነጋሪት ተጎሰመ፤ “የአባቶቻችን ፌጦ እያለ የፈረንጅ መርዝ የዋጠ ከመሬቴ ይነቀል!” የአባቶች ነገር ጌቶች ትዝ የሚላቸው ምንጊዜም አዝመራ ሲደርስ ነው። የፊታውራሪ ምስለኔም በየጎጆው እየዞረ ኪኒን ይለቅም ጀመር። የለቀመውን የት እንደሚያደርሰው የጠየቀው የለም።

ያን ሰሞን ፊታውራሪ ለሚካኤል ዝክር አገሩን ጠሩ። ጭሰኛው ከበሩ አጠገብ ጎመን ቀርቦለታል። መሪጌታ ከጌቶች መደብ ተቀምጠው፥ በአንድ እጃቸው ቢላ በአንድ እጃቸው ብርንዶ ይዘው፥ ወደ በሩ እያዩ ያስተምራሉ። “ሥጋ ደም ያፈላል፤ ጉበት ያከብዳል፤ ዕድሜ ያሳጥራል። ጎመን የበላ፥ ፌጦ የቀመሰ፥ እሱ ሐኪም አያሻውም።” ጭሰኛው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። እማሆይ የጎመናቸውን ሳሕን አንሥተው ተነሡ፤

«መሪጌታ፥ ስለ እኛ ብለው ለምን ይሞታሉ? ይምጡ፥ እንለዋወጥ።»

፭

የእማሆይ የእህት ልጅ እንጉዳይ፥ ጡት የሚጠባ ሕፃን ያላት የፊታውራሪ ጭሰኛ፥ ከአጨዳ ንዳድ ይዟት መጣች። ብሥራት አሥራ አራት ኪኒን በድብቅ ሰጣት። ሁለቱን ብቻ እንደዋጠች ምስለኔው የቀረውን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትቶ ወሰደባትና ከሰሳት። ጎጆዋም ስለሚጠበቅ ብሥራት ሊደግምላት አልቻለም። አንድ ቀን እየጋለች፥ አንድ ቀን እየተንቀጠቀጠች ወተቷ ደረቀ። እማሆይ ኪኒኑን ሊለምኑላት ወደ ፊታውራሪ ቤት ሄዱ።

ፊታውራሪ ማሽላቸውን ሊያዩ ቆላ ሰንብተው መመለሳቸው ነበር። እልፍኝ አስከልካዩ፥ “ጌታዬ ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል” አለ። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን እንግዳ እንደማያይ የታወቀ ነው፤ እማሆይ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን መጡ፤ “ኮሶ ጠጥተዋል።” በአምስተኛው ቀን መጡ፤ “ኮሶ ጠጥተዋል።” ሌላው ሰው በሁለት ወር አንድ ጊዜ ነው የሚጠጣ። እማሆይ መቋሚያቸውን አንሥተው እንዲህ አሉት፤

«ይጠጡ፤ ተዋቸው። በሦስት ኮሶ ትሉ ሁሉ አልቋል፤ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሲወጡ እናነጋግራቸዋለን።»

፮

ቃሉ እልፍኝ ገባ። በማግስቱ ፊታውራሪ፥ ፊታቸው እንደገረጣ፥ ከወይራው ሥር ለችሎት ተቀመጡ። እንጉዳይን በቃሬዛ አመጧት። ሕፃኑን እናቷ ይዛለች። የሚፈረደው ከመሬት መነቀል ብቻ አልነበረም። ብሥራት፥ “ኪኒኑን ካልጨረሰች ሳምንት አትቆይም” ብሎ ለእማሆይ ነግሯቸዋል።

ምስለኔው የያዘውን ለማስረጃ አቀረበ፤ ከአሥራ ሁለቱ ኪኒን አራት። የቀረው የት እንደገባ ዳኛው አልጠየቁም።

መሪጌታ ልሣኑ ለምስክርነት ቆሙ። “ጌታዬ፥ ኪኒን መርዝ መሆኑ በዋጠው ሰው ይታወቃል። ተደብቆ የሚቀር አይደለም። ጆሮው እንደ ደወል ይጮኻል፤ አጠገቡ ያለ ሰው ቢናገረው አይሰማም።”

ፊታውራሪ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። “ምን አሉ መሪጌታ?”

“ጆሮው ይጮኻል፤ አይሰማም አልሁ፥ ጌታዬ።”

“ጮክ ይበሉ እንጂ! ምን ያንሾካሹካሉ?”

መሪጌታ ለሦስተኛ ጊዜ ሊደግሙት አፋቸውን ከፍተው፥ የፊታውራሪን እጅ ከጆሯቸው ላይ አይተው ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። ወንዱ መሬት መሬት ያያል፤ ሴቱ ነጠላውን ወደ አፉ ሳበ። አንድ ሰው ሳለ፤ ሳል አልነበረም።

እማሆይ ትርንጎ ተነሡ። ከቃሬዛውም ከዳኛውም እኩል ርቀት ላይ ሄደው ቆሙና ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ ቀስ ብለው፥ “ውኃ የጠማው አለ?” አሉ።

“እኔን፥ አክስቴ” አለች እንጉዳይ፤ ራሷን ከቃሬዛው ሳታነሣ።

“ይህች መነኩሲት ምን ትላለች?” አሉ ፊታውራሪ፤ ወደ ምስለኔው ዘንበል ብለው። ምስለኔው ዓይኑን ወደ አራቱ ኪኒን መለሰ።

እንጉዳይ አራቱን ኪኒን ያን ዕለት ተቀብላለች፤ የጎደለውን ከብሥራት ወስዳ፥ አሥር ቀን ተኝታ ተነሥታለች፤ ከዚያም በኋላ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ያስመለሰላት ልመና አይደለም፥ ምስክርም አይደለም። እማሆይ ወደ ፊታውራሪ ዞረው፥ አሁን ግን ማዶ እስኪሰማ ጮክ ብለው የተናገሯት ቃል ናት፤

«ጌታዬ፥ ፍርዱ አልቋል፤ በሹክሹክታ የሰማችኝ ትቀመጥ፥ ያልሰማኝ ከመሬቱ ይነቀል።»