ውኃው ጎደለ

ሴት ልጁን ከቤት ያባረረ አንድ ገበሬ ነበረ። የኔታ ይህን የተናገሩት፣ አንድ የቅኔ ተማሪያቸው «ዘፋኝ በዘፈኑ የኖኅን ርግብ ሲጠራ ስለ ሴት ነው ወይስ ስለ እግዚአብሔር?» ብሎ ቢጠይቃቸው ነው።

ልጅቷ አባቷ የመረጠላትን ባል ትታ አንድ ሸማኔ አገባች። ገበሬው «ደጄን እንዳትረግጪ!» ብሎ ማለ። እሷም ከወንዙ ማዶ ጎጆ ወጣች። አምስት ዓመት አለፈ። እናትየው ስሟን ባነሳች ቁጥር እሱ ተነሥቶ ይወጣል፤ ውጭ ቆሞ ግን ማዶ ማዶውን ያያል።

በጥር ወር ጎረቤቱ ልጁን ዳረና ገበሬውና ሚስቱ ተጠሩ። ድግሱ ሞቅ ሲል አዝማሪው ማሲንቆውን ቃኝቶ እንዲህ አለ፦

«ያ የጥፋት ውኃ ጎደለ ጎደለ፣
ርግቤ ነይ ግቢ፣ መስኮት ከፋች አለ።»

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። አንድ መሪጌታ ግን ተቆጡ። «ርግቧ እመቤታችን ናት! በጠላ መካከል ትጠራለች?»

ከሚዜዎቹ አንዱ «ኧረ አባቴ፣ ሴት ናት እንጂ! ዓይኑ ሲንከራተት አላዩትም?» አለ።

ድግሱ ለሁለት ተከፍሎ ይሟገት ጀመር። ገበሬው ክርክሩን አልሰማም። የያዘውን የጠላ ዋንጫ አስቀመጠ፤ ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር በቅሎውን ፈትቶ ወጣ።

መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያሰናዳ ሄደ። ልጁ በሩን ስትከፍት ግን ያሰናዳው ሁሉ ጠፋው። «ውኃው ጎደለ» አላት።

ዘፈኑን አልሰማችምና ስለ ወንዙ መሰላት። «አባ፣ ወንዙማ ከጎደለ አራት ወር ሆነው! እስካሁን የት ነበሩ?»

ገበሬው ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ ሳያልቅ ዕንባው ቀደመው። «ይቅር በይኝ ልጄ» አለ። እሷም አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ልጁን፣ ባሏንና አይቷት የማያውቃትን የልጅ ልጁን ይዞ ዳሱ ሲደርስ ሰዎቹ ገና ይከራከሩ ነበር። እናትየው ስታያቸው ያሰማችው እልልታ ክርክሩን ሁሉ ጸጥ አደረገው። ሙሽሪትም ከመቀመጫዋ ተነሥታ አብራ ጨፈረች።

በመጨረሻ መሪጌታው አዝማሪውን «ለመሆኑ ማንን ብለህ ነው?» ብለው ጠየቁት።

«አኩርፋ እናቷ ቤት የገባች ሚስቴን ነው፣ አባቴ» አለ አንገቱን ደፍቶ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት መሪጌታው ናቸው።

የኔታ ወደ ተማሪው ዞሩ። «አየህ ልጄ፣ አዝማሪው ሚስቱን ጠራ፣ መሪጌታው እመቤታችንን ሰሙ፣ ገበሬው ልጁን። ማንኛቸውም አልተሳሳቱም። የቅዱስ መጽሐፍ ቃል እንደ ዘር ነው፤ ዘሪው በእርሻው ላይ ሲበትነው ነፋስ ወስዶ ጎረቤት ማሳ ላይ ያበቅለዋል። አንተም እንዲህ ያለ ዘፈን ስትሰማ ስለ ማን እንደተዘፈነ ብትመረምር ደግ ነው፤ ቅኔ ተምረሃልና። ነገር ግን መርምረህ ስትጨርስ እዚያው ተቀምጠህ አትከራከር። በቅሎህን ፍታ።»