ላንቀላፋች ኦርኪድ የተቀመጠ ለቅሶ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ «ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳይበላ!» ብሎ ዐዋጅ ባስነገረበትና ጅብም እያቃሰተ ዐዋጁን በሚያከብርበት ዘመን፣ ዕድሜዋን በሙሉ የሰው ጭነት ስትሸከም የኖረች አንዲት አህያ ወንዝ ዳር ጎጆ ቀልሳ ተቀመጠች። የጀርባዋ ቁስል ደርቋል፤ ልጆቿን ነጋዴ ነድቷቸዋል። ጤፍ ብትሉ፣ ጨው ብትሉ፣ እንጨት ብትሉ ያልተሸከመችው ነገር የለም። የራሷ የሆነ ነገር ግን አንድም አልነበራትም።

ይህን ጎረቤቷ አባ ጃርት ያውቃል። ጃርት መቼም ሥራ ሥር ቆፋሪ ነው፤ በጥርሱ ሥር ያላለፈ ሥር በአገሩ አይገኝም። ታዲያ ወንዝ ማዶ ወዳሉት ልጆቹ ጠቅልሎ ሊሄድ ጓዙን በሸከፈ ቀን፣ አንዲት ድንቡሽቡሽ ያለች ሥር ይዞ ወደ አህያ ጎጆ መጣ።

«እንኪ ልጄ፣ የኦርኪድ ሥር ናት» አላት። «ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት አይደለም። ይሄኛው እንደ ድንች ከመሬት ነው የሚበቅለው። ልበላት አስቤ አስቤ አሳዘነችኝ።»

«እኔ ብበላትስ?» አለች አህያ። ክፋት የላትም፤ የመጣላትን ነው የጠየቀችው።

«ተይ እንጂ! ትከያት። ቂጡ የተሸነቆረ ማድጋ ፈልጊ። ከበቀለችበት ያመጣሁትን ይሄን አፈር ከአሸዋ ጋር ቀላቅለሽ አልብሻት፤ ያለ አገሯ አፈር አትሆንልሽም። ቅጠሏ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ አጠጫት። ክረምቱ ሲወጣ ግን ታንቀላፋለች። ያን ጊዜ ጠብታ ውሃ እንዳታሳያት!»

አህያ እንደተባለችው አደረገች። መንደርተኛው ሳቀባት። «ለአህያ ማር አይጥማት ሲባል ነበር የምንሰማው፤ ይቺ ደግሞ አበባ አማራት!» ተባለ። እሷ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ሐምሌ ላይ አንድ ቅጠል ከአፈሩ ብቅ አለ፤ ከዚያ ሌላ ተከተለ። ነሐሴ ሲጋመስ ከቅጠሎቹ መሃል ዘንግ ወጣና ነጫጭ አበቦች ደረደረ፤ እያንዳንዷ አበባ ከኋላዋ ቀጭን ጭራ ነበራት። አህያ ጭራዋን አየችና ልቧ ጠፋ። «እንደኔው ባለ ጭራ ናት!» እያለች ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ታሳይ ጀመር።

አንድ ምሽት ንጉሥ አንበሳ በደጇ ሲያልፍ ሽታው አቆመው። ማድጋውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ይሄን ሁሉ ዘመን ስነግሥ እንዲህ ያለ ነገር በግቢዬ በቅሎ አያውቅም» አለ። አህያ እንቅልፍ አጥታ አደረች፤ በደስታ ነው። ከአንበሳው ኋላ ኋላ ትከተል የነበረችው ቀበሮም እንቅልፍ አጥታ አደረች። እሷ ግን በቅናት ነው።

ጥቅምት መጣ፤ ሰማዩ ጠራ፣ ፀሐዩ በረታ። አንድ ጠዋት አህያ ብትነሣ የኦርኪዷ ቅጠሎች ቢጫ ሆነዋል። ሰንበት ብሎ ዘንጓም ቅጠሏም ማድጋው አፍ ላይ ተዘረረ። አህያ ዙሪያዋን ብትሽከረከር መላ አጣች። ታጠጣት ይሆን? አባ ጃርት ከልክሏል። ትተዋት ይሆን? እንዴት ይተዋል! ደጅ ወጥታ ስትንሰቀሰቅ ቀበሮ ደረሰች።

«ምነው እትዬ አህያ፣ ምን ሆንሽብኝ?»

«አበባዬ ወደቀችብኝ፣ እመት ቀበሮ! አባ ጃርት ታንቀላፋለች ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የማንቀላፋው ቆሜ ነው። ይቺ እኮ ተዘርራለች!»

ቀበሮ የጉድጓድ ነዋሪ ናት። በበጋ ከመሬት ሥር ስንት የአበባ ሥር ተኝቶ እንደሚከርም በዓይኗ አይታለች። አሁን ግን ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች።

«ውይ የኔ እናት፣ አልገባሽም ማለት ነው? ትልቅ ሰው ሲያርፍ ‹ሞተ› ይባላል እንዴ? ‹አንቀላፋ› ነው የሚባለው! አባ ጃርት ጨዋ ስለሆነ አለሳልሶ መርዶ ነግሮሽ ነው።»

አህያ ያን ጊዜ ያናፋችው ማናፋት ወንዝ ማዶ ተሰማ።

«በቃ፣ በቃ፣ እግዜር ያጽናሽ» አለች ቀበሮ። «ነገር ግን ሬሳ ቤት ውስጥ አይሰነብትም፤ ነውር ነው። እኔ ጉድጓዴ አጠገብ ለስላሳ መሬት አለኝ፤ በክብር እቀብርልሻለሁ። አንቺ ንፍሮ ብቻ ቀቅዪ።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጅብ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ለቅሶ አለ።»

«ንፍሮ አለው?»

«አለው።»

«ነፍስ ይማር! ማን ነው የሞተው?»

«የአህያ አበባ ናት።»

«አበባም ትሁን፤ ንፍሮው የምን ነው?»

«የባቄላ። ስማኝ እንግዲህ። አበባዋ አልሞተችም። አንተ በዚያ ጠንካራ ጥፍርህ ሥሯን ቆፍረህ ታወጣልኛለህ፤ እኔ ደጄ እተክላታለሁ፤ በሚመጣው ክረምት አንበሳ የሚቆመው በኔ ደጅ ነው። ዋ! ይሄን ለማንም እንዳትተነፍስ!»

«እኔ? ወሬ የምን ሥራዬ ነው!» አለ ጅብ፤ ሐሳቡ ግን ባቄላው ላይ ነበር።

በማግስቱ የመንደሩ ጥሩንባ ነፊ ዝንጀሮ ጥሩንባውን ነፋ፤ አራዊቱ በአህያ ደጅ ተሰበሰበ። ቀበሮም «እኔ ነኝ በክብር የምቀብራት» ብላ በሁሉ ፊት ተናገረች። ጅብ ከሁሉ በላይ አለቀሰ። ጅብ እስኪነክስ ያነክስ የለ! ሦስት ጊዜ ንፍሮ አስደግሞ፣ አፉን እንደሞላ ወደ ማድጋው ተጠጋና ይቆፍር ጀመር። አህያ ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን አዞረች። ያላት ነገር ያቺ ብቻ ነበረች።

«እንዴ!» አለ ጅብ። «ሁለት ናቸው እኮ!»

እውነትም ሁለት ሥር ወጣ። አንደኛዋ እንደ ከረመ ቃሪያ የተጨማደደች፣ ባዶ ስልቻ ናት። ሌላዋ ወፍራም፣ ነጭ፣ ቆዳዋ የተወጠረ።

«ቶሎ በል ስጠኝ!» አለች ቀበሮ፣ እግሯ መሬት አልረግጥ ብሎ። «ሬሳ ፀሐይ አይመታውም!»

አህያ ፊቷን መለሰች። ቀርባ የተጨማደደችውን አሸተተቻት፤ ምንም የላትም። ወፍራሟን አሸተተቻት፤ ቀዝቃዛ ናት፣ ጠንካራ ናት፣ እርጥብ እርጥብ ትሸታለች።

«ቆይ» አለች። «እኔ የተከልኩት አንዲት ነበረች።»

«እትዬ አህያ፣ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ፣ አንቺ ዞር በይና…»

«ቆይ አልኩ እኮ!» አለች አህያ። መቼም አህያ ቆምኩ ካለች ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቆመች። «ይቺ የተጨማደደችው እናቲቱ ናት። ያላትን ሁሉ ለአበባውና ለልጇ ሰጥታ አለቀች። ይቺኛዋ ልጇ ናት። እኔም ወልጄ አውቃለሁ፣ እመት ቀበሮ፤ የሞተና የተኛ ልጅ ይለየኛል። ተኝታለች እንጂ አልሞተችም። ልጅን ከነነፍሷ ከእናቷ ጋር አልቀብርም!»

«ኧረ ‹አንቀላፋች› ማለት እኮ ነገርኩሽ…» ብላ ቀበሮ ስትጀምር፣ ጅብ ባቄላውን እየዋጠ ጣልቃ ገባ።

«ታዲያ እመት ቀበሮ፣ ደጅሽ ተክለሽ አንበሳን የምታስቆሚባት የትኛዋ ናት? ወፍራሟ መሆን አለባት፣ አይደል?»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ቀበሮ ዞረ። ዝንጀሮ ጥሩንባውን ከአፉ አወረደ።

«ምን ይቀባጥራል ይሄ ሆዳም!» አለች ቀበሮ፤ ጭራዋ ግን በእግሯ መሃል ገባ።

አህያ ያን ጊዜ በኋላ እግሯ ብታቀምሳት ማንም አይፈርድባትም ነበር። እግሯም ተነሥቶ ነበር፤ መልሳ አሳረፈችው። ከዚያ የተጨማደደችዋን ሥር በአፏ አንሥታ ቀበሮ ፊት አኖረቻት።

«በክብር እቀብራለሁ ብለሻል፤ ሰው ሁሉ ሰምቶሻል። እንኪ፣ እናቲቱን ቅበሪ። ደግማ ባትበቅልም ክብር ይገባታል።»

ቀበሮ ምን ታድርግ? እምቢ ብትል ጉዷ ይለይለታል። ያቺን ባዶ ስልቻ አፏ ውስጥ ይዛ፣ ዝንጀሮ ከፊት ጥሩንባ እየነፋ፣ መንደርተኛው ከኋላ ሳቁን እያፈነ፣ እስከ ጉድጓዷ ድረስ እያለቀሰች ሄደች። እንባዋ የዚያን ቀን የእውነት ነበር። ጅብ ብቻ ከማድጋው አጠገብ ቀረና፣ «ንፍሮው ግን ለልጅቱም ይቀጥላል፣ አይደል?» ብሎ ጠየቀ።

አህያ ልጅቱን ወደ ደረቅ አፈሯ መለሰቻት፤ ማድጋውንም ከጎጆው ክፈፍ ሥር አስጠጋችው። አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ጭነት መሸከም ምን አላት፤ ለምዳዋለች። በዚያ ፀሐይ ውሃ እየጠጡ የሚወዱትን በጥም ማሳደር ግን ጀርባን ሳይሆን ልብን ነው የሚልጠው። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት ነደደ። አንዳንድ ጠዋት አፍንጫዋን ማድጋው አፍ ላይ ታሳርፍና፣ «አለሽ?» ትላለች። አፈሩን ጫር አድርጎ ማየት እንዴት እንዳማራት! አልጫረችም።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ዶፍ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋት አህያ ወደ ማድጋው ብትሄድ፣ ከጥቁሩ አፈር መሃል አንዲት አረንጓዴ ጫፍ አጮልቃለች። አህያ አላናፋችም፤ እንዳታስደነግጣት ፈርታ ነው። ዝናቡ ጀርባዋን እየመታት አጠገቧ ቆመች። በዕድሜዋ ብዙ ነገር ከደጇ ሲሄድባት አይታለች፤ ሄዶ ሲመለስላት ስታይ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ለቀብር የሚያጣድፈን ሁሉ የሐዘናችን ተካፋይ እንዳልሆነና የወደዱትን ነገር በሰው አፍ «ሞተ» ከማለት በፊት ቀርቦ በገዛ ዓይን ማየት እንደሚበጅ ነው።