የቀጭን አፋፍ የደጅ ውሃ

በቀጭን አፋፍ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ እንደሚያየው፣ በየቤቱ ደጅ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ውሃ የሞላ እንስራ ተቀምጧል፤ አፉ ላይም ቅል ተደፍቶበታል። የጠማው መጥቶ ይጠጣል። የቤቱ ባለቤት ጠጪው ቅሉን እስኪመልስ ድረስ ብቅ አይልም፤ ብቅ ቢልም «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፣ በኛ ዘንድ ነውር ነው። ከከተማ የሚመጡ ሰዎች ይህን እያዩ «አቤት ደግነት! እንዲህ ያለ አገርም አለ ለካ!» ይሉናል፤ እኛም አንገታችንን እንደፋለን። ትሕትና ይመስላቸዋል። የቢተው ዘር ትሕትናን ከየት አምጥቶት! አንገት የሚያስደፋንስ ሌላ ነው፤ እሱንም አባቶች እንደነገሩን እናገራለሁ፣ ማሳመሩን ፊደል ለጠገቡት ትቼ።

እንደሚነገረው ከሆነ፣ በቅድመ አያቴ አባት፣ በምንዥላቴ በባላምባራስ ቢተው ዘመን፣ ሰማዩ እንደ ምጣድ ደርቆ ከብቱ በየሜዳው የተዘረረበት ክፉ ጊዜ መጣ። ምንዥላቴን አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ለዚህ ታሪክ ግን አንተ ይበቃዋል። ያን ጊዜ ያልነጠፈው ምንጭ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከቢተው ግቢ በታች ስለነበር ቢተው በእሾህ አጠረው፤ በሩ ላይም ወንበሩን አስቀምጦ ዳኛ ሆነ። ውሃ የሚቀዳ ሰው ዘሩን እንዲቆጥር ይጠየቃል። ቆጥሮ ከቢተው ቤት የገባ ይቀዳል፤ ያልገባ እንስራውን ባዶውን ተሸክሞ ይመለሳል። እግዜር በነጻ ያፈለቀውን ውሃ በአጥንት ሰፈረው ማለት ነው። የኛ ሰዎችም ተሰልፈው እያዩ፣ ዘመድ በመሆናቸው ደስ ብሏቸው ዝም አሉ ይባላል።

ከመንደሩ በላይ፣ አፋፉ ጫፍ ላይ፣ ከመሀሉ የተሰነጠቀ ቋጥኝ አለ፤ ዛሬም አለ። ጉም ሲውጠው በስንጥቁ ያለፈ ሰው ባልገባበት ዘመን ይወጣል ይላሉ። እኔ ሞክሬው አላውቅም፤ ወገቤም አያሳልፈኝ። ብቻ በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ዝናብ የሌለው ጉም ቋጥኙን በሸፈነበት ቀን፣ ከስንጥቁ አንዲት ልጅ ወጥታ ቁልቁል ወረደች ይባላል። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጀርባዋ ላይ የጨርቅ ኮረጆ አዝላለች፤ ጫማዋ ቆዳም አይደል፣ የረገጠችው አቧራ ሁሉ የተሸመነ መስሎ ይቀራል። አገሩን የምታውቀው ይመስል ቀጥ ብላ ወደ ምንጩ መጣች፤ አጥሩን ስታይ ግን ክው አለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር።

«አባባ፣ ውሃ ጠማኝ» አለች።

ባላምባራስን አባባ ብሎ የጠራ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ሰልፈኛው ሳቀ። አንዲቱ፣ «ይቺ ደግሞ ከየትኛው ሰርግ የጠፋች አዝማሪ ናት?» አለች፤ ሌላው፣ «ተያት፣ ጫማዋን አውልቃ ትጠጣበት» አለ።

ቢተው ግን አልሳቀም። «የማን ልጅ ነሽ?» አላት። ስሟን አልጠየቃትም፤ ማንነቷ ሳይሆን አጥንቷ ነበር የፈለገው።

ልጅቷ በቤቷ በደንብ ያስተማሯት ነበረችና ደስ አላት። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ጠማኝ ያለችውን እንኳ ረስታ፣ እንዲህ ብላ ቆጠረች ይባላል። «የአምሳሉ ልጅ ነኝ። አምሳሉ ዘገየ፣ ዘገየ ልሳኑ፣ ልሳኑ እርገጤ፣ እርገጤ ጎሹ፣ ጎሹ ባላምባራስ ቢተው! የባላምባራስ ዘር ነኝ።»

ቢተው ብድግ አለ። «ጎሹ የሚባል ልጅ የለኝም! ልጅ ጭራሽ የለኝም! በመካንነቴ ልታላግጪ ነው የመጣሽው?» አለ። ያን ጊዜ የሰልፉ ሳቅ አለቀ፣ ድንጋይ ማንሳት መጣ። ልጅቷ፣ «እውነቴን ነው፣ እማማ ናት ያስቆጠረችኝ» እያለች አለቀሰች፤ እንባ የሚሆን ውሃም አልነበራት። አንድ ጭልፋ ያቀመሳት አልተገኘም። ሁላችንም እዚያ ነበርን፤ ማለቴ፣ የሁላችንም አያቶች። ከዚያ ሰልፍ ውጭ የተወለደ ቀጭን አፋፍ ውስጥ የለም። ልጅቷም በመጣችበት አቀበት፣ እየወደቀች እየተነሳች፣ ወደ ጉሙ ተመለሰች።

የቢተው ሚስት ወይዘሮ ደብሪቱ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ይህን ሁሉ ሰምታ ነበር። መፀነሷን ገና ለባሏ አልነገረችውም፤ እንደ ፊተኞቹ ይወርድብኛል ብላ ፈርታ። ወንድ ከሆነ በሟች ወንድሟ ስም ጎሹ ልትለው በልቧ ተስላለች፤ ይህን ከእሷና ከፈጣሪዋ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጅቷ ጎሹ ስትል ደብሪቱ የማሕፀኗ ዘር መሆኗን አወቀች። ሆኖም ወጥታ «ልጃችን ናት» አላለችም። ባሏን ፈራች፣ ሰዉን ፈራች፤ ቃሉ ከአፏ የወጣው ልጅቷ ከዓይን ከራቀች በኋላ ነው። እኔ በቢተው ከምናደደው ይልቅ በሷ ዝምታ አፍራለሁ፤ ሴት ናትና።

ቢተው ሲሰማ ቅሉን ውሃ ሞልቶ በእግሩ ሮጠ ይባላል፤ ባላምባራስ በእግሩ ሲሮጥ አገር አየው። ያ የተሸመነ የሚመስለው ዱካ እስከ ቋጥኙ ድረስ ይታይ ነበር፤ ስንጥቁ አፍ ላይ ወድቃ የተነሳችበት የእጇ ምልክት አለ፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ወደ ቤቷ ትድረስ፣ እዚያው መሀል ትቅር፣ ማንም አላወቀም። ቢተው ውሃውን ድንጋዩ ላይ አፍስሶ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ወረደ፤ አጥሩን በገዛ እጁ ነቀለ፤ የመጀመሪያውንም እንስራ ደጁ ላይ አስቀመጠ። ሰልፈኞቹም አንድ በአንድ፣ እየተፋፈሩ፣ በየደጃቸው አስቀመጡ። ማንም ማንንም አላዘዘም።

ወሩ ሲደርስ ደብሪቱ ወንድ ወለደች። ጎሹ ተባለ። ጎሹ እርገጤን ወለደ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ወንድ ሲወለድ ደስታው ከፍርሃት ጋር ነው፤ ስሙን ሸሽተው ሌላ ያወጡም ነበሩ፣ ጎረቤት ግን እንደ ተቆጠረው ጠራቸው። እርገጤ አባቴን ልሳኑን ወለደ። ልሳኑ እኔንና ወንድሜን ዘገየን። የዘገየ ልጅ አምሳሉ ይባላል፤ ትምህርት ጠግቧል፤ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ተረት ነው» ይለኛል። ከወንዶቹ መካከል አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። ትምህርት ቤቱ ከአፋፉ ወዲያ ነው፤ ቀሚሳቸውም ሰማያዊ።

እናቷ፣ «እባክዎ ዘር አያስቁጥሯት» ብላ ለምናኝ ነበር። አልሰማኋትም። ካልቆጠረች ደብሪቱ በምን ታውቃታለች? ቢተውስ በምን ያፍራል? ይህ ሁሉ እንስራስ ከየት ይመጣል? እያቃጠለኝ አስቆጠርኳት፤ አሁን እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ስትወርደው ጎረቤት ያጨበጭባል።

እንግዲህ የቀጭን አፋፍ የደጅ ውሃ ታሪክ ይህ ነው። መንገደኛው እየጠጣ ያመሰግነናል፤ እኛ ግን ለእሱ አይደለም የምንቀዳው። ጠዋት ጠዋት ጉም በወረደ ቁጥር፣ ልጅቱ ኮረጆዋን አዝላ ልትወጣ ስትል፣ በሩ ላይ ቆሜ ቅሉን ሞልቼ እሰጣታለሁ።

«እማማ፣ አልጠማኝም እኮ!» ትለኛለች።

«ጠጪ ብዬሻለሁ» እላታለሁ። «ድገሚ።»