ጥቁር ብር የተባለው ገበያ

ከወንዙ ማዶ፣ ሁለቱ የበቅሎ መንገዶች በሚገናኙበት ሜዳ ላይ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚቆመውን ገበያ የአገሩ ሰው «ጥቁር ብር» ይለዋል። በዚያ አካባቢ ልጅ ስትዳር ከአንገቷ የሚንጠለጠለው ጠገራ ብር እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነው፤ እንግዳ ሰው አይቶ «ምነው፣ ይህን የሚወለውልላት ዘመድ አጣች?» ቢል፣ ሴቶቹ «ብር ሲጠቁር ፊቱ ይጠበቃል» ብለው ይመልሱለታል። ምክንያቱን የጠየቀ ደግሞ የአንጓችን ነገር ይሰማል።

አንጓች፣ እንደሚነገረው፣ ማር ነጋዴ ነበረች። ባሏ ቆላ ወርዶ በንዳድ ከሞተባት በኋላ ቀፎዎቹን እሷው ተረክባ በዓመት ሁለት ጊዜ ማሯን አስጭና ገበያ ትወጣለች፤ ከሲራራ ነጋዴዎች የምትቀበለውም ያንኑ የባሕር ማዶ ንግሥት መልክ የተቀረጸበትን ጠገራ ነበር። የመጀመሪያዋን ብር ያገኘች ጊዜ ለፋሲካ ታብራልኝ ብላ፣ እንደ ሰዉ ሁሉ፣ በአሸዋና በአመድ ስትፈትጋት፣ በአሸዋው ውስጥ የነበረ ስለታም ጠጠር የንግሥቲቱን ጉንጭ ከጆሮዋ እስከ አገጯ ጫረው። ነጋዴዎቹም «እትዬ፣ ይቺማ ፊቷ ቆስሏል፤ አንወስዳትም» አሏት። በመጨረሻ የተቀበላት የገበያው ሹም ባላምባራስ ጎላ ነበር፤ «ብር ያው ብር ነው» ብሎ ለቀረጥ ወሰዳት።

ከዚያ ወዲህ አንጓች ብር ፈትጋ አታውቅም። እያንዳንዱን እርስ በርሱ እንዳይፋጭ በጥጥ ጠቅልላ በቅል ታኖረዋለች፤ ክረምት ገብቶ ሥራ ሲቀዘቅዝም አውጥታ ታየዋለች። ይቺ አፍንጫዋ ደፍጠጥ ያለ፣ ያቺ በትከሻዋ ፈርጥ ዙሪያ ያሉት ነጠብጣቦች ዘጠኝ፣ የዚያችኛዋ ደግሞ ሰባት ብቻ፤ ለምን እንደሆነ ባታውቅም መመርመሩን አትጠግበውም ነበር። ጎረቤቶቿ «አንጓች ከብር ጋር ታወራለች» እያሉ ይስቁባት ነበር ይባላል።

እንዲህ ስትኖር ገበያው በሐሰተኛ ብር ተጥለቀለቀ። ድንጋይ ላይ ሲጥሉት እንደ እውነተኛው አይጮህም፤ ውስጡ እርሳስ ነውና ዱብ ብሎ ይቀራል። ሰዉ ብሩን በየበዓሉ እየፈተገ መልኩን አጥፍቶት፣ ጭረት የሌለበትም ብር ብርቅ ሆኖ ስለነበር በዓይን የሚለይ ጠፋ፤ የአሞሌ ነጋዴዎችም «ከእንግዲህ እዚህ ጨው አናራግፍም» ብለው ዛቱ። ያን ጊዜ ሁሉም ጣቱን ወደ አንጥረኛው ወደ ዘገዬ ቀሰረ፤ ማቅለጥ የሚያውቅ ከእሱ ሌላ ማን አለ? ባላምባራስ ጎላም ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ፣ በሚመጣው ማክሰኞ በገበያው መሀል የዘገዬ ቀኝ እጅ እንዲቆረጥ ፈረደ።

ቀኑ ደርሶ ዘገዬ ታስሮ ሲቀርብ፣ የተያዙት ሃያ ሐሰተኛ ብሮች በቁርበት ላይ ተዘርግተው ነበር። አንጓች የመጣችው ፍርዱን ለማየት ሳይሆን ሐሰተኛ ብር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ጓጉታ ነው ይላሉ። ጎንበስ ብላ አንዱን አነሣች፤ ሌላውን አነሣች፤ ሦስተኛውን አንሥታ ከሁለቱ ጋር አመሳከረችው። በሁሉም ላይ፣ ከጆሮ እስከ አገጭ፣ አንድ ዓይነት ጭረት አለ።

የብሯን ጭረት አወቀችው። ብሯን የተቀበላት ሰው ደግሞ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ልትሄድ ፊቷን ስታዞር የዘገዬን ሚስት አየቻት፤ ሴትዮዋ አታለቅስም፣ የባሏን ቀኝ እጅ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። አንጓች ተመለሰች።

«አባቶቼ፣ ሃያ ሴት ፊቷ ቢቆስል፣ ሃያዋም አንድ ቦታ ላይ ትቆስላለች?» አለች።

ሽማግሌዎቹ ብሮቹን ተቀባብለው አገላብጠው አዩ። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጠው «ይህ ሁሉ ከአንዲት እናት የተቀዳ ነው። እናቲቱን ታውቂያታለሽ?» አላት።

«ያቆሰልኳት እኔ ነኝ። ለቀረጥ ሰጥቻታለሁ።»

ቀረጡን የሚቀበለው ማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ባላምባራስ ጎላ ከመቀመጫው ተነሥቶ «አንቺ ሴትዮ፣ በማን ላይ እንደምትናገሪ ታውቂያለሽ?» ሲላት፣ አንጓች «እኔ ስም አልጠራሁም፣ ጌታዬ» አለች።

በዚያው ቀን የሹሙ ቤት ተፈተሸ፤ ከጎተራው ሥር እርሳስ የሚፈስበት የሸክላ ቅርጽና ያቺው የተጫረች ብር ተገኙ። ሹሙ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ ነገሩ ይለያያል፤ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ የሚሉ አሉ፣ ርስቱን ሸጦ የሰዉን ኪሳራ ከፍሎ መነኮሰ የሚሉም አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን ከሸንጎው ሳይነሡ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አገር ብር የሚፈትግ አይኑር፤ ፊቱ የጠፋ ብር ምስክር አይሆንም» ብለው ደነገጉ። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ የአገሩ ብር ሁሉ ጠቆረ፤ ገበያውም ስሙን ከዚያ አገኘ ይባላል።

ዘገዬ ቀድሞ የሚቀመጠው ከሁሉ ርቆ፣ አህያ በሚታሰርበት ጥግ ነበር። እስራቱን ፈትተው ሲለቁት ያ ቁርበት ተዘርግቶበት የነበረውን የገበያውን መሀል ሰጡት። ዛሬ በጠገራ የሚገበያይ የለም፤ የዘገዬ የልጅ ልጆችም የሚሸጡት የባትሪ ድንጋይና የበር ቁልፍ ነው። ቢሆንም ማክሰኞ ጠዋት፣ ሜዳው የቱንም ያህል ቢጨናነቅ፣ እነሱም የቱንም ያህል ቢዘገዩ፣ በርበሬ ሻጯ ጆንያዋን፣ እንስራ ሻጯም እንስራዋን ወደ ራሷ ሰብስባ ትቀመጣለች እንጂ ያንን ቦታ የሚይዝ ሰው እስካሁን አልታየም።