ከመቺው ኋላ የቆመው

አንድ ሰው ነበረ። የገና ጨዋታ መቺ ነበር። ደምለው፣ ጥያቄህን አልዘለልኩትም፤ «አባ፣ እውነት ተናግሬ ልጄን ለምን አጣሁ?» ነው ያልከኝ። ሰምቼ ነው ይህን የምነግርህ። ብቻ እንደ ልማድህ ሳልጨርስ አትመልስልኝ።

ይህ ሰው ጉልበት ነበረው። ከእንጨት የተጠረበችው ሩር እግሩ ሥር ስትደርስ የላይ ሰፈር ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ያየው ነበር። ቆልማማ ዱላውን ከጀርባው አሻግሮ ወደ ሰማይ ይሰቅላል፤ ይፎክራል፤ ከዚያ ይመታል። ሩሯ ሩቅ ትሄዳለች፤ ያሰበበት ግን አትሄድም። አንዴ ገደል ትገባለች፣ አንዴ ከሰው አውድማ ላይ ትወድቃለች። እሱ ጥፋቱን ከዱላው ላይ ፈለገ። በየዓመቱ ካለፈው የከበደ የወይራ ዱላ ይቆርጣል፤ በእሳት እየለበለበ ያጎብጠዋል፤ ቅቤ እያጠጣ ያለሰልሰዋል። ዱላው በከበደ ቁጥር አመታቱ ባሰበት እንጂ አልተቃናም።

በሠርጉ ቀን አንደኛ ሚዜው የነበረ ጓደኛ ነበረው። በጨዋታ ጊዜ ሰው ሁሉ ከመቺው ፊት ይሸሻል፤ ሩሯን ይፈራላ። ሚዜው ግን ሁልጊዜ ከኋላው ይቆማል። ሩሯ ከተቃራኒ ወገን ተመልሳ ብትመጣ የሚያስቀራት እሱ ነው። ማንም ይህን ብሎ አላመሰገነውም። ከኋላ የሚቆም ሰው መቼ ይታያል?

በአንድ ዓመት የገና ዕለት ሁለቱ ሰፈሮች እኩል ሆነው ፀሐይ ልትጠልቅ ደረሰች። ሽማግሌዎቹ ዳገቱ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ሩሯ ለዚህ ሰው ደረሰችው። እንዲያዩት ፈልጎ ዱላውን ከወትሮው አስበልጦ ወደ ኋላ ሰነዘረው። ዱላው የሚዜውን ዓይን አገኘው። ሰውየው አንድ ነገር እጁ ላይ ተሰማው፤ ግን አልዞረም። መታ። ሩሯ የዚያን ቀን እንደ ምንም ቀጥ ብላ ሄደችና የታች ሰፈርን ድንበር አለፈች። በትከሻቸው ተሸክመው እየዘፈኑ ወሰዱት። ሚዜውን ሚስቱ ፊቱን በነጠላዋ ይዛ ወደ ቤት ወሰደችው።

መቼም የአገሩን ደንብ ታውቃለህ። በገና ጨዋታ የደረሰ ጉዳት ዳኛ ፊት አይቀርብም፤ ካሣ አይጠየቅበትም፤ ቂምም አይያዝበትም። ጨዋታ ነው ተባለ፤ አለቀ። ዓይኑ ፈሰሰ። ሰውየው ለወጉ ያህል ሊጠይቀው ሄደና «እግዜር ይማርህ፣ መቼስ ጨዋታ ነው» ብሎት ወጣ። ሚዜው ከዚያ ወዲያ ግን ሰውየው ቤትም ሜዳውም ዝር አላለም። ሰውየው ይህን ሲያይ ተቀየመ። ምን በደልኩት፣ ደንቡን የሠራሁት እኔ ነኝ ወይ እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራ ነበር።

በሚቀጥለው ገና ወደ ሜዳው ወጣ። ከኋላው የሚቆምለት ሰው ጠፋ። ዱላውን ሲሰቅል የገዛ ወገኑ ይበተናል። ያን ጊዜ ክንዱ ከዳው። ዱላው መሬት ይቆፍራል እንጂ ሩሯን አያገኝም። አፈረ። የድሮ መቺዎችን እየዞረ አመታቴን አቃኑልኝ አለ። አንዱ ጉልበትህን እጠፍ አለው፤ ሌላው ዱላውን አታጥብቅ አለው። ሁሉም ከፊት ያዩትን ነው የነገሩት። ቆይቶ ቆይቶ አንድ ነገር ገባው። ክንዱን ከኋላ ሆኖ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሄደ። መሄድ ቀላል እንዳይመስልህ፤ ደጁ ደርሶ ስንቴ እንደተመለሰ እሱ ነው የሚያውቀው። ሚዜው ደጃፉ ላይ ቀንበር ይጠርብ ነበር። ሰውየው ዱላውን እግሩ ሥር አስቀመጠለት።

«ከኋላዬ ስትቆም ምን ታይ ነበር? ንገረኝ» አለው።

ሚዜው መጥረቢያውን አኖረ። እንዲህም አለ፦ «ሩሯን ሳትመታ ቀና ትላለህ። ማን እንደሚያይህ ትፈልጋለህ። ቀና ስትል ትከሻህ ይነሣል፤ ዱላው ወደ ኋላ ያመልጥሃል። አንድም ቀን ዞረህ አይተኸኝ አታውቅም።»

ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሚዜው አላባበለውም። ዱላውን አንሥቶ ሰውየውን ወደ ባዶው ሜዳ ወሰደው፤ ሩሯን አኖረለት፤ ሄዶም ያን ዕለት የቆመበት ቦታ ላይ ቆመ። «ምታ» አለው።

ሰውየው መጀመሪያ ዞሮ አየ። አንዲቷ ዓይን ታየዋለች። ዱላውን ዝቅ አድርጎ ያዘ፤ ዓይኑን ሩሯ ላይ ጣለ፤ መታ። ሩሯ እንደ ድሮው ሩቅ አልሄደችም፤ ያሰበበት ግን ሄደች። እሱ መውደቋን አላየም። መሬት ሳትነካ ዞሮ ሚዜውን ያይ ነበር።

ደምለው ልጄ፣ ሩሯ እውነትህ ናት። በእሷ ነገር የለኝም። ልጅህን ስንዱን ለጋብቻ የጠየቁት ሽማግሌዎች የሚጥል በሽታ እንዳለባት ማወቅ ነበረባቸው፤ ቢደበቅ በደል ነበር። አንተ ግን እነሱ ፊት ቀና አልክ። እንዴት ያለ እውነተኛ ሰው ነው ሲሉህ ደስ አለህ። ልጅህ ከጓዳው በር ቆማ ነበር። ሳትጠይቃት፣ ቀድመህ ሳትነግራት፣ ሕመሟን ለእንግዳ ስትናገር ከአፍህ ሰማች። ሽማግሌዎቹ አመስግነውህ ሄዱ፤ አልተመለሱም። እሷም አክስቷ ቤት ገባች። አንተ ደግሞ የተናገርኩት እውነት ነው ትለኛለህ። እውነት ነው። ጨዋታ ነው ያለውም ሰውዬ አልዋሸም።

ነገ ልታመጣት ትሄዳለህ። የምትላትንም አሰናድተሃል፤ መናገር መቼም ታውቅበታለህ። ያን ንግግር እዚሁ እኔ ዘንድ ተወው። ሂድና ከኋላዬ ሆነሽ ምን አየሽ ብለህ ጠይቃት። የምትልህ ያምሃል፤ ቆመህ ስማት። ትመለሳለች ብዬ ግን አልምልልህም። የሚዜውም ዓይን አልበራም።